የጥልፍ መኪናዋ ዋጋ ጠባቂዎች

አንድ ጠዋት የጥልፍ መኪና ዋጋ ዘጠኝ መቶ ምናምን ሚሊዮን ብር ገባ።

የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ኮምፒዩተሩን እንደከፈትኩ፣ ከስክሪኑ ጥግ ቀይ ደወል ብልጭ አለና ነገረኝ። መጀመሪያ ዓይኔ ነው ብዬ መነጽሬን ጠረግሁ። ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ማስታወቂያውን ራሱን ከፍቼ ሳየው ነው የገባኝ። የአዲስ አበባው ሻጭ እንደ ሻጭ ሁሉ «ዋጋ፦ በውስጥ» ብሎ ጽፎ፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥሩን አስቀምጧል። ዋጋ እንዲጠብቅልኝ ብራውዘሩ ላይ የጫንኩት መሣሪያ ዋጋ ቢፈልግ ቢፈልግ ሲያጣ፣ ስልኩን አንስቶ ዋጋ አደረገው። በማግስቱ ሰውየው ሌላ ስልክ ቁጥር ጻፈ፤ አዲሱ ቁጥር ከፊተኛው ትንሽ ያንሳል። መሣሪያው አረንጓዴ ሆኖ ደስታውን መቻል አቃተው። «እንኳን ደስ አለዎት! ዋጋው ቀንሷል፤ አሁኑኑ ይግዙ» አለኝ።

አጠፋሁት። ሁለተኛው ነበር። ከዚያ በፊት አንዱን አጥፍቻለሁ፤ ከዚያ በኋላም አንዱን አጥፍቻለሁ።

ይህ ሁሉ የሆነው ስለ እኅቴ ነው። እኅቴ ልብስ ሰፊ ናት። እንጅባራ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ካለ በረንዳ ላይ በእግር የምትረገጥ መኪናዋን ይዛ ትቀመጣለች። ቀሚስም ትሰፋለች፣ የተማሪ ዩኒፎርምም ትሰፋለች፤ ልቧ ያለው ግን ግላስ ላይ ነው፤ በጥር በፈረሰኞች በዓል ፈረሰኞቹ ሲወጡ ፈረሱ ከኮርቻው ጋር በሚለብሰው ባለ ጥልፍ ልብስ ላይ። በስፌቷ የሚያማት የለም። ጥልፉን ግን በእግር መኪና መሥራት ስለማይቻል ባሕር ዳር ላለ ጠላፊ ትልከዋለች። ጠላፊው «ነገ» የሚለው ቃል ያለው ሰው ነው፤ ነገ የሚባል ቀን ግን የለውም። ባለፈው ጥር ግላሶቹ የደረሱት በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። ፈረሶቹ በባዶ ኮርቻ ወጡ፤ እኅቴም ያን ቀን ከቤት አልወጣችም።

መስከረም ላይ የአንድ ቀበሌ ፈረሰኞች አለቃ የሆኑ ሽማግሌ በረንዳው ድረስ መጡ። ወንበር ስትሰጣቸው አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ስፌትሽን እንወደዋለን» አሏት። «ዘንድሮ ግን ፈረሳችንን ራቁቱን አናወጣም። ጥልፉንም እዚሁ ቤትሽ የምትሠሪ ከሆነ፣ እስከ ኅዳር ጽዮን ንገሪን፤ የቀበሌያችን ግላስ በሙሉ ያንቺ ነው። ካልሆነ አንቀያየምም፤ ቡሬ እንወስደዋለን።»

«እሠራዋለሁ አባቴ። ይምጡና ይዩኝ» አለች።

በዚያው ሳምንት የእቁብ ተራዋን ከሌላ ሴት ጋር ተለዋውጣ ቀድማ ወሰደች። በእኛ ቤት እቁብ የወጣለት ሰው ብሩን ቶሎ ዕቃ ካላደረገው ብሩ ራሱ ዘመድ ይጠራል። አንዱ ይታመማል፣ የአንዱ ጣሪያ ያፈሳል፣ የአንዱ በሬ ገደል ይገባል። ይህንን ስለምታውቅ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ኮምፒዩተር ላይ ነው የምትውይው። የጥልፍ መኪና ፈልጊልኝ። ርካሹን፣ ደህናውን፣ ቶሎ።»

ሦስቱ አብረው እንደማይሄዱ አልነገርኳትም። እኔ እንኳን መኪና፣ ቤት የሚመታ ቃል ስፈልግም ቀኑ ይመሽብኛል። ግጥም እጽፋለሁ፤ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ በተበላሸ የኮፒ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው የምጽፈው። አንድ ነገር ላይ መርጋት እንደማልችል የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ። ቢሆንም አንድ ቀን ሙሉ ሻጭ ሁሉ በየቻናሉ «በውስጥ፣ በውስጥ» ሲል ስላየሁ፣ በየገጹ እየዞርኩ ዋጋ መለመን ሰለቸኝ። ዕቃውን ዝርዝር ውስጥ ስታስገቢው በየመደብሩ ያለውን ዋጋ ራሱ እየጠበቀ፣ ሲቀንስ የሚነግርሽ መሣሪያ አለ የሚል ነገር አነበብኩ። ለሰነፍ ገዥ የተላከ መልአክ መሰለኝ።

የመጀመሪያው መልአክ አገሬን ጠየቀኝ። የአገሮቹን ዝርዝር ወደ ታች ወረድኩ፤ ከኢስዋቲኒ በቀጥታ ወደ ፊጂ ዘለለ። ተመልሼ ወጣሁ፣ ደግሜ ወረድኩ። የለንም። ጎረቤት አይከፋም ብዬ ኬንያን መረጥኩ። ወዲያው ዋጋው ሁሉ ሽልንግ ሆነና አንድ ቆንጆ የጥልፍ መኪና አገኘልኝ። ማድረሻው በነፃ ነው፤ ሞምባሳ ድረስ።

ሁለተኛው ስልክ ቁጥሩን ዋጋ ያደረገው ነው።

ሦስተኛው ዋጋ ከመጠበቅ አልፎ ቅናሽ የሚፈልግ ነበር። ለአንድ ባለ ሱቅ የንግድ ፈቃዳቸውን ማደሻ ገጽ ከፍቼ እየሞላሁላቸው ሳለ፣ መሣሪያው የማደሻውን ክፍያ ሲያይ መደብር መሰለውና ገጹን ሸፍኖ ይሽከረከር ጀመር።

«ይሄ ደግሞ ምን ይላል?» አሉኝ ባለ ሱቁ፣ አንገታቸውን አስግገው።

«ቅናሽ እየፈለገ ነው።»

«ከመንግሥት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለሽ? ይፈልግ እንጂ!» አሉና ወንበራቸውን ስበው ተመቻቹ። ፈልጎ ሲያጣ እኔን ነው የተቀየሙት። «አልገፋሽበትም እንጂ ይገኝ ነበር» ብለውኝ ወጡ።

በየማታው እኅቴ ስፌቷን እየከደነች ትጠይቀኛለች።

«ተገኘች?»

«መሣሪያ እየመረጥኩ ነው።»

«የምን መሣሪያ? እኔ ያልኩሽ የጥልፍ መኪና ነው።»

«መኪናዋን የሚፈልገውን መሣሪያ።»

«መርፌ ፈልጊልኝ ብልሽ ማግኔት ልትገዥ ዱባይ ትሄጃለሽ» ትለኛለች። እኔም ተናድጄ ወረቀቴን አነሣለሁ። ከዚያ ሰሞን የቀረችኝ ይህች ብቻ ናት፤

ዋጋውን ብጠይቅ በውስጥ ነው አለኝ፣
ውስጤን ቢያየው ኖሮ ባልተከራከረኝ።

ሳነብላት «ጥሩ ነው፤ ጥልፍ ግን አይጠልፍም» አለች።

አራተኛውን ያገኘሁት በመታከት ነው። ጌጥ የሌለው፣ ኩፖን የማያውቅ፣ አገርሽ ወዴት ነው የማይል ተራ ነገር ነበር። ገጹን ትሰጪዋለሽ፣ ዋጋው የተጻፈበትን ቦታ በጣትሽ ታሳይዋለሽ፣ እሱም በየሰዓቱ እየሄደ ያያል፤ ያየውን በመስመር ይሥላል። ዝርዝሩንም ለፈለግሽው ሰው ማጋራት ይቻላል። ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር «ይህንን ማን ገዛው?» የምትል ሳጥን አለችው፤ ሁለት ሰው አንድ ዕቃ እንዳይገዛ ነው ይላል።

በዚያው ቀን ዋጋውን በግልጽ የጻፈ አንድ ሻጭ አገኘሁ። ያገለገሉ የልብስ ስፌት መኪናዎች የሚሸጥ ሰው ነው፤ ያለውም ዳንግላ ነው። የጥልፍ መኪናዋን ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንስቶ፣ ዋጋዋን በፊደልም በአኃዝም ጽፎ፣ «ድርድር አለው» ብሎ ጨምሯል። ዋጋው ከእኅቴ እቁብ ጥቂት ነበር የሚበልጠው። ትንሽ ቢቀንስ ሆነ ማለት ነው።

«ነገ ሄደን እንያት» አለች እኅቴ።

«አይሆንም። ትንሽ እንጠብቅ። እንደፈለግናት ካወቀ አይቀንስም።»

ይህንን ከኮምፒዩተር አልተማርኩትም። አባታችን ፈረስ ሲገዛ የሚፈልገውን ፈረስ ዓይኑን ቀና አድርጎ አይቶት አያውቅም። ከጎኑ የታሰረውን ነበር ጥርሱን የሚያየው፣ ኮቴውን የሚያነሣው፣ የሚያማው፤ የሚፈልገውን በመጨረሻ፣ መሄጃው ላይ፣ እንደ ነገሩ ነው የሚጠይቀው። እኅቴም ይህን ስለምታውቅ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እኔም ዝርዝሩን ለቤተሰብ ግሩፓችን ላክሁት። የጥሊሊው አጎታችን፣ የአዲስ ቅዳሟ አክስታችን፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድማችን ሁሉም እዚያ አሉ። «እኅታችን የምትፈልጋት መኪና ይህች ናት፤ ዋጋዋ ሲቀንስ ለሁላችንም ይነግረናል» ብዬ ጻፍኩ። ሐሳቤ እንዲያውቁት ብቻ ነበር።

በማግስቱ አክስቴ ደወሉ።

«የምኞት ዝርዝር ነው አሉኝ፤ እውነት ነው?»

«አዎ አክስቴ።»

«የእኔንም ጻፊልኝ። መጀመሪያ ጤና። ከዚያ የውኃ ታንከር።»

«አክስቴ፣ ጤናውን እንኳ...»

«ጻፊው እባክሽ! ኮምፒዩተሩ መጻፍ እንጂ ማምጣት የለበት፤ ምን ይከብደዋል?»

ጻፍኩት። መሣሪያው ሲፈልግ ውሎ «ይህ ዕቃ በየትኛውም መደብር አልተገኘም» ብሎ መለሰልኝ። አሁንም በየሳምንቱ ያስታውሰኛል።

ከዚያ ዋጋው መጨመር ጀመረ።

መጀመሪያ ትንሽ ነበር። የብር ነገር ነው፣ ሁሉም ነገር ይጨምራል ብዬ አለፍኩት። ከቀናት በኋላ እንደገና ጨመረ። ሌሎች የጥልፍ መኪናዎችን ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቼ ነበር፤ የእነሱ መስመር እንደ ሜዳ ተኝቷል። የዳንግላዋ ብቻ ዳገት ትወጣለች። ቀይ ደወሉ በበራ ቁጥር የስክሪኑን ጥግ በወረቀት እሸፍነዋለሁ። አንዳንድ ቀን ኔትወርክ ሲጠፋ ደስ ይለኛል፤ ሲመለስ የጠፋበትን ጊዜ ጭማሪ አንድ ላይ ይነግረኛል።

«ይኸው መጠበቅሽ» ትላለች እኅቴ። «መጀመሪያ ቀን ብንሄድ ኖሮ እስካሁን ግማሹን ግላስ ጠልፌው ነበር።»

«እኔ ነኝ የጨመርኩት?»

«እኔማ ምን አውቃለሁ። ያንቺ መልአክ ከጠባቂነት ወደ ከሳሽነት ዞረ መሰለኝ።»

ሽማግሌው ሌላ ቀን በረንዳው አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉ። የእግር መኪናዋን አዩ፣ ባዶውን ጥግ አዩ፣ «እግዜር ይርዳሽ» ብለው ሄዱ። እኅቴ ያንን «እግዜር ይርዳሽ» ቀኑን ሙሉ ስትረግጠው ዋለች፤ የመኪናዋ ድምፅ እንደዚያ ቀን ቁጡ ሆኖ አያውቅም።

ነገሩ የተገለጠው አንድ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። በረንዳው ላይ ሽሮ እየበላን የእኅቴ ስልክ ጮኸ፤ እጇ ስለተያዘ ድምፁን ከፈተችው። አክስቴ ናቸው፤ ሰላምታውንም አላስቀደሙ።

«እናንተ፣ ያ የዳንግላ ሰውዬ እንዴት ያለ ድርቅ ነው! በአማርኛ ለመንኩት እንቢ አለኝ። በአዊኛ ለመንኩት፤ አንጀቱ ራራ ስል ጭራሽ ጨመረብኝ!»

እኅቴ ጉርሻዋን አፏ አጠገብ አቆመችው። «አክስቴ፣ እርስዎ ደወሉለት?»

«ታዲያ ዝም ብዬ ላይሽ ነው? ወላጅ አልባ ልጅ ናት፣ እሷን እያሰብክ ቀንስላት አልኩት። ሦስት ቀን ደውያለሁ።»

«አባቴም እናቴም አሉ እኮ!»

«ይኑሩልሽ። ለመከራከሪያ ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ ፎቶ ኮፒ ቤት ወዳለው ኮምፒዩተር ሮጥኩ። መስመሩን አፍጥጬ አየሁት፤ መጀመሪያ የጨመረው ዝርዝሩን ግሩፑ ላይ በለቀቅኩ ማግስት ነው። «ለዳንግላው ሰው የደወለ አለ?» ብዬ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ።

መጀመሪያ ወንድማችን ወጣ። «እኔ አንድ ጊዜ ብቻ። የአዲስ አበባ ነጋዴ ነኝ፣ በጅምላ እወስዳለሁ፣ የመጨረሻህን ንገረኝ ነው ያልኩት።»

አጎታችን ቀጠሉ። «እኔም የጥሊሊ ነጋዴ ነኝ ብዬ ሁለት ጠይቄዋለሁ። ሁለት የሚገዛ ሰው ይቀነስለታል፤ የታወቀ ነው።»

«ጋሼ፣ አንድ እንኳ መግዣ የለንም!»

«አንዱን በኋላ እንተወው ነበር» ብለው ጻፉ።

በእኛ ዘንድ ለዘመድ ሳይነግሩ ዋጋ መከራከር ደግነት ነው። ገበያ ውስጥ አክስትሽ ከኋላሽ መጥታ ሻጩን ትቆጣልሻለች፤ የማያውቅሽ ሰው ሳይቀር ቆም ብሎ «ኧረ ቀንስላት!» ይላል። ይህንን ግን ዘመድ ሁሉ፣ ከየከተማው፣ ለአንድ ሻጭ ሲያደርገው ምን እንደሚመስል ማንም አላሰበም። ሰውየው አንዲት አሮጌ የጥልፍ መኪና አስቀምጦ በአንዴ አገር ሁሉ ሲደውልለት ምን ያድርግ? በዚያ ላይ የእኔ መሣሪያ በየሰዓቱ ገጹን ከፍቶ ያያል፤ ገጹ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደታየ ከፎቶው ሥር ይጽፋል። ዋጋ ጠባቂዬ ራሱ ገበያተኛ ሆኖ ተሰልፏል ማለት ነው።

«ቆይ፣ አራተኛው ማን ነው?» አልኩ በረንዳው ላይ ተመልሼ፣ በጣቴ እየቆጠርኩ። መስመሩ ላይ ማንም እኔ ነኝ ያላለበት አንድ ጭማሪ ቀርቷል።

እኅቴ ሽሮዋን አየች።

«እታለም!»

«በደንበኛ ስልክ ነው» አለች። «ድምፄን ለውጬ።»

ሳቅና ንዴት አንድ ላይ ያዙኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። እጇን ታጠበች፣ ብሩን ያኖረችበትን ቦርሳ ከቤት አወጣች፣ «ከኅዳር ምን ቀረ?» አለችኝ። ብዙ አልቀረም ነበር። «እንግዲያው ነገ ዳንግላ ነን። ለማንም እንዳትናገሪ። ለዚያም ነገርሽ እንዳትነግሪው።»

በማለዳ መናኸሪያ ደረስን። ረዳቱ «ዳንግላ! ዳንግላ! ሁለት ሰው!» እያለ ሲጠራን ሚኒባሱ ግማሹ ባዶ ነበር፤ እስኪሞላ ብርዱ አጥንታችን ገባ። እኅቴ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ መጥታለች። መንገድ ላይ መከርን። አባታችን እንደሚያደርገው የጥልፍ መኪናዋን አናይም፣ ስሟንም አናነሣም። እሷ የምትጠይቀው ካውያ ነው። መውጫችን ላይ፣ በሩ ጋ፣ እንደ ነገሩ ዞር ብላ «ይቺስ ትሠራለች?» ትላለች። ስለ ካውያ የምትለውን ዳንግላ እስክንገባ ስትለማመድ ነበር።

የሰውየው ሱቅ ከአውራ መንገዱ ኋላ ነው። እሱ ራሱ ጎልማሳ ነው፤ ብሎን በጥርሱ ይዞ አንዲት የእግር መኪና ሆዷን ከፍቷል።

«ካውያ አለ?» አለች እኅቴ።

ብሎኑን ከአፉ አወጣ። አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር አየ። «ካውያ የለንም። ልብስ ሰፊ ነሽ? የጥልፍ መኪና ግን አለ» አለና ሸራውን ገለጠ። ፎቶው ላይ ሳያት የከረምኩት ያቺው ናት፤ ከፎቶው ይልቅ ታምራለች። «ካሰብሽበት ቶሎ በይ፤ ስንቱ ይፈልጋታል መሰለሽ! የጥሊሊ ነጋዴ ሁለት እፈልጋለሁ ብሎኛል። የአዲስ አበባ ሰውዬ በጅምላ ጠይቆኛል። አንድ ትልቅ ሴት ደግሞ ስለ ወላጅ አልባ ልጅ በአዊኛ እያለቀሱ እንቅልፍ ነሱኝ። አንዷማ ድምፅዋን አጎርንና ነው የምትደውለው፤ ምን እንደሆነች እንጃ።»

እኅቴ ስለ ካውያ ያጠናችውን ሁሉ እዚያው ተወችው።

«ሁሉም የእኔ ናቸው» አለች።

«የምን ያንቺ?»

«የጥሊሊው አጎቴ ናቸው። የአዲስ አበባው ወንድሜ ነው። የሚያለቅሱት አክስቴ ናቸው።»

«ወላጅ አልባዋስ?»

«እኔ ነኝ። አባቴም እናቴም ደህና ናቸው።»

«ድምፅዋን የምታጎረንነውስ?»

እኅቴ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ መጠቅለል ጀመረች። እኔም ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

ሰውየው አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ ሌላ ሸራ ገለጠ። ከሥሩ ሁለት ተጨማሪ የጥልፍ መኪናዎች አሉ።

«እነዚህን ለጥሊሊው ነጋዴ ነው ያመጣሁት» አለ ቀስ ብሎ። «ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልኩ። ለሚስቴም፣ ዘንድሮ የአዊ ሰው ሁሉ ጠላፊ ሊሆን ነው ብያታለሁ።» አንዱ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። «ስለዚህ ገበያው በሙሉ አንድ ቤተሰብ ነው?»

«አዎ ጋሼ» አለች እኅቴ። «እኔ ደግሞ አንድ ብቻ ነው የምፈልገው። ለኅዳር ጽዮን ካላደረስኩ የፈረሰኞቹ ግላስ ቡሬ ይሄድብኛል። ብሬ ይኸው ነው፤ የሚያለቅስ ሰው የለኝም፤ ሌላ አልጨምርም።» ቦርሳውን እንዳለ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አባታችን ቢያያት ኖሮ በዚያው ልጄ አይደለችም ይል ነበር።

ሰውየው ቦርሳውን አልከፈተም። ሦስቱን መኪናዎች በየተራ አየ። «መጀመሪያ የጻፍኩት ዋጋ ላይ እንመለስ» አለ በመጨረሻ፤ «የጎደለውን ከጥር በኋላ ታመጫለሽ። ግን እዚሁ ፊቴ ለሁሉም ደውይላቸው። ከእንግዲህ እንዳይደውሉልኝ። በተለይ ለእኒያ ለሚያለቅሱት።»

እኅቴ ለአክስቴ ደወለች፤ ድምፁንም ከፈተችው።

«ገዛናት አክስቴ።»

«በስንት?»

«መጀመሪያ ባለው።»

«ስልኩን ስጭው።»

«አክስቴ፣ አልቋል እኮ...»

«ስጭው ብዬሻለሁ!»

ሰውየው ስልኩን ተቀብሎ ከጆሮው አራቀው። አክስቴ በአዊኛ ብዙ ተናገሩ። መጀመሪያ ራሱን ይነቀንቅ ነበር፤ በመካከል ፈገግ አለ፤ በመጨረሻ «እሺ እናቴ፣ እሺ፣ እሺ» አለና ስልኩን መለሰ። ከመደርደሪያው አንድ ካርቶን የጥልፍ ክር አውርዶ መኪናዋ ላይ ጫነው። «ይሄ የእሳቸው ነው» አለ። «ውሰዱልኝና ሂዱ።»

መኪናዋ በሚኒባሱ ጣሪያ ላይ እንጅባራ ገባች። ካርቶኑ እኔ ጭን ላይ ነበር።

ሽማግሌው የመጡት ከኅዳር ጽዮን በፊት ነው። እኅቴ አንድ ግላስ ጠልፋ በረንዳው ላይ ሰቅላው ነበር፤ ቀይ ላይ ቢጫ። እንደ መጀመሪያው ቀን ቆመው አዩት፤ ከዚያ ወንበሩን ራሳቸው ስበው ተቀመጡና የፈረሶቹን ቁመት ይነግሯት ጀመር።

እኔን ግን አልለቀቀኝም። ዝርዝሩን ልዘጋ ብከፍተው መሣሪያው «ይህንን ማን ገዛው?» አለኝ። ሳጥኗ አንድ ስም ብቻ ነው የምትይዘው። እኅቴን ልጽፍ ስል፣ ግሩፑ ላይ አጎቴ «ሁለት ባልጠይቀው ኖሮ ተጨማሪ ሁለት አያመጣም፣ ባያመጣ ደግሞ አይቀንስም፤ ያስቀነስኩት እኔ ነኝ» ብለው ጻፉ። ወንድሜ በጅምላ የጠየቀው እሱ መሆኑን አስታወሰ። አክስቴ ደውለው «ክሩ የእኔ እንደሆነ ጽፈሻል?» አሉኝ። ሁለት ስም ብሞክር ቀይ ሆነ። ባዶውን ልዘጋው ብል አልዘጋም አለ። ባጠፋው ደግሞ የአክስቴ ጤናና ታንከር አብረው ይጠፋሉ፤ ያንን ለእሳቸው የሚነግር አንጀት የለኝም። ስለዚህ በየጠዋቱ፣ ኮምፒዩተሩን በከፈትኩ ቁጥር፣ ማን ገዛው ይለኛል።

ማታ በረንዳው ላይ ለእኅቴ ነገርኳት። አዲሷ መኪና እየተንጣጣች ስለነበር ጮክ ብዬ ነው።

«ያ ነገር ዛሬም ጠየቀሽ?»

«ጠየቀኝ።»

«ተይው ይጠይቅ» አለች፣ ዓይኗን ከግላሱ ሳታነሣ። «ይልቅ ከአክስቴ ካርቶን ቢጫውን አቀብይኝ።»